ያገለገለ ባለ 1000 ዋት ሞጁላር ፓወር ሰፕላይ እንዴት ይፈተሻል?

እዚሁ ጅማ መርካቶ ተገኝቶም ሆነ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ተልኮ፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያድለው ሳጥን) ሲደርሳችሁ ካርቶኑን ተዉትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚስቡት ከ12 ቮልት መስመር ስለሆነ ቁም ነገሩ የዚያ መስመር አምፔር ነው። እውነተኛ 1000 ዋት 83 አምፔር አካባቢ ይሰጣል። ሰንጠረዡ 60 አምፔር ካለ ግን፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል፣ በእጃችሁ ያለው ባለ 720 ዋት ነው። የግቤት ቮልቴጁንም እዩ፤ 100–240 የሚለው ከ200–240 ይልቅ ቮልቴጁ ለሚወርደው ለእኛ መብራት ይሆናል። 80 ፕላስ ጎልድ የሚለው ምልክት ስለ ኃይል ብክነት እንጂ ስለ ዕድሜ አይናገርም።

ሞጁላር ማለት ገመዶቹ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀሉ ማለት ነው፤ ከገመዶቹ አንዱ እንኳ ከጎደለ አትግዙ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የሌላው ገመድ ልክክ ብሎ ይገባና 5 ቮልት በሚጠበቅበት 12 ቮልት ሊልክ ይችላል፤ ያኔ ሃርድ ዲስኩ ወዲያው ይቃጠላል። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ አትመኑት። በክረምቱ እርጥበት የተቀመጠ ዕቃ ከሆነ ፒኖቹን በባትሪ እያበራችሁ እዩ፤ አረንጓዴ ዝገት ወይም የጠቆረ ፕላስቲክ ካለ ይቅርባችሁ።

አሁን ከማዘርቦርድ ውጭ አስነሱት። ሞጁላር ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ጥቁር ስለሆነ ማስነሻ ነው የሚባለውን አረንጓዴ ሽቦ አትፈልጉ። በባለ 24 ፒኑ ሶኬት ላይ ባዶ የሆነው ቀዳዳ 20ኛው ነው። ከእሱ ሰባት ፒን ወዳለበት ጎን ቁጠሩ፤ ሦስቱ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ናቸው፣ አራተኛው (16ኛው) ማስነሻው ነው። የኋላው ማብሪያ ክፍት ሆኖ ይህ ፒን ከግራውንድ ጋር ከ3 እስከ 5 ቮልት ገደማ ካሳየ አልተሳሳታችሁም። ማብሪያውን አጥፉ፣ 16ኛውንና 17ኛውን በአጭር ሽቦ አገናኙ፣ መልሳችሁ አብሩ። ፋኑ ትንሽ ዞሮ ቢቆም አትደንግጡ፤ ብዙዎቹ ጭነት እስኪበዛ ፋን አያዞሩም።

በመልቲሜትር የሚፈቀደው፦ 12 ቮልት ከ11.40 እስከ 12.60፣ 5 ቮልት ከ4.75 እስከ 5.25፣ 3.3 ቮልት ከ3.14 እስከ 3.47።

ባዶውን፣ ማለትም ያለ ጭነት፣ ጥሩ ማንበቡ ግን ብዙም አያኮራም፤ የሞተ ሊባል የደረሰውም ባዶውን ያምራል። ጭነት ስጡት። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ 12 ቮልት 55 ዋት ሃሎጂን አምፖል ግዙ፤ አንዱ 4.6 አምፔር ይስባል። በአንድ ባለ 8 ፒን የግራፊክስ ገመድ ከሁለት በላይ አትሰኩ፤ ገመዱ የተሠራው ለ150 ዋት ነው። በአራት ገመድ ስምንት አምፖል 440 ዋት ይሆናል። ተራ በተራ አብሯቸው፤ የቀዘቀዘ ክር መጀመሪያ ላይ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ሁሉም በአንዴ ከተነሱ መከላከያው ያጠፋውና ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ትላላችሁ። አምፖሎቹ በጣም ስለሚግሉ ሸክላ ላይ አስቀምጧቸው። 20 ደቂቃ ቆዩና ጭነት በሌለበት ገመድ ላይ 12 ቮልቱን ለኩ። ከባዶው ከ0.2 ቮልት በላይ ከወረደ ከላይ ያለው ገደብ ቢፈቅደውም እኛ አንገዛውም። የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ወዲያው አጥፉ።

ሪፕል (በቮልቴጁ ላይ የሚቀር ፈጣን መዋዠቅ) በመልቲሜትር አይታይም፤ ኦሲሎስኮፕ ይፈልጋል። ኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ኤሌክትሪካል የሚማር ዘመድ ካላችሁ አማክሩት፤ 12 ቮልት ላይ ጣሪያው 120 ሚሊቮልት ነው። ክዳኑን ግን አትክፈቱ፤ ውስጥ ያለው ትልቁ ኮንደንሰር እስከ 400 ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ከተነቀለም በኋላ።

የቀረው የቤታችሁ መስመር ነው። 800 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ በ220 ቮልት ከግድግዳው 4 አምፔር ይስባል፤ ምጣድ ተጥዶ መስመሩ 170 ሲደርስ ከ5 ያልፋል። ርካሽ ዲቫይደር እዚህ ላይ ነው የሚቀልጠው፤ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ኬዙን ስትነኩ ከነዘራችሁም ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን የሶኬቱ ነው፤ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም ማለት ነው። ሶኬቱ ላይ በፌዝ (መብራቱን በሚያመጣው ሽቦ) እና በግራውንድ መካከል 220 አካባቢ፣ በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) እና በግራውንድ መካከል ዜሮ አካባቢ ካላነበባችሁ፣ ኮምፒውተሩን ከመሰካታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።