"ይሄ ሕግ ይቀየር" ከማለትህ በፊት

ሰው ሁሉ ሕግ ሲያማርር እሰማለሁ፣ ግን መገናኛ ላይ ቀይ መብራቱም ትራፊኩም ባይኖር አስቡት፣ ባለ ሲኖትራኩ ይቀድማል በቃ። ጥያቄው የትኛው ይከለስ ነው።

መጀመሪያ አዋጁን ራስህ አንብበው፣ የቲክቶክ ወሬ ይዘህ አትሩጥ። አዋጆቹ የሚታተሙበት የፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው፣ ሁለቱ ከተለያዩ አማርኛው ይጸናል።

ቀጥሎ ማንን ሊጠብቅ ወጣ በል። የቤት ኪራይ አዋጁን 1320/2016ን እንይ፣ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ ጭማሪም አከራዩ ደስ ባለው ሰዓት አይደለም። ለተከራይ አሪፍ ነው (እኔም ተከራይ ነኝና አዳላለሁ)፣ ግን አከራዩ ፈርቶ ቤቱን ቢዘጋው ወይ በጎን ሌላ ብር ቢጠይቅስ? ሁለቱንም ወገን ሳትሰማ ይሰረዝም ይቆይም አትበል።

ከዛ መቅረት ያለበት ሙሉው ነው ወይስ አንዷ ክፍል? የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፣ ባልንም የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር፣ ጉድ እኮ ነው። በ1992 የቤተሰብ ክፍሉ ብቻ ተነጥሎ በፌደራል ደረጃ ተሻሻለና ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ፣ የውሉና የውርሱ ክፍል ግን አሁንም ፍርድ ቤት ይጠቀስበታል።

ሃሳብህን ስትጽፍ የአንቀጹን ቁጥር ጥቀስ፣ በምን ይተካ የሚለውንም ጨምር። ረቂቅ አዋጅ ላይ የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ ሕዝባዊ ውይይት ከጠራ ደሞ ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።