ቤት ውስጥ መርዘኛ ሸረሪት ሲገኝ፦ ከመግደልዎ በፊት ድሩን ይመልከቱ

የጅማ ክረምት ሲበረታ ደጅ የነበረው ነፍሳት ሁሉ መጠለያ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል፤ ሸረሪትም ተከትሎ ይመጣል። ከጥቂቶች በስተቀር ሸረሪት ሁሉ መርዝ አለው፤ ሰውን የሚጎዳው ግን በጣም ጥቂቱ ነው። የቱ እንደሆነ የሚናገረው የሸረሪቱ ግዝፈት አይደለም፤ ድሩና የተደበቀበት ቦታ ነው።

ችግር፦ መብራት ሲበራ ግድግዳ ላይ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ሸረሪት በፍጥነት ይሮጣል።

ይህ ድር የማያደራ፣ በረሮ እያሳደደ የሚበላ አዳኝ ነው። ያስደነግጣል እንጂ አያሰጋም። ብርጭቆ ይድፉበት፣ ካርቶን ከሥሩ ያሾልኩና ደጅ ይልቀቁት። ኮርኒስ ጥግ ላይ የሚንጠለጠለው ባለ ቀጭን ረጅም እግር ደግሞ ከመጥረጊያ በላይ አያስፈልገውም።

ችግር፦ ከዕቃ ሥር ቅጥ ያጣ ድር፣ አጠገቡም እሾሃማ ኳስ ይታያል።

ትኩረት የሚፈልገው ይህ ነው። ክሮቹ ወዲያና ወዲህ የተዘበራረቁ፣ በእንጨት ሲጎተቱ ጠጠር ብለው የሚበጠሱ ናቸው። አተር የሚያህለውና ዙሪያውን ጥቃቅን ሾጣጣ ያበቀለው ነጣ ያለ ኳስ የእንቁላል ከረጢት ነው። ባለቤቷ ቡናማዋ መበለት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ላትሮዴክተስ ጂኦሜትሪከስ፣ በመርዟ የምትታወቀው ሸረሪት የጥቁሯ መበለት ዘመድ ናት። እግሯን ሳይጨምር 1 ሳንቲሜትር ገደማ ናት። ድሯ ላይ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ስለምትንጠለጠል በባትሪ ቢያበሩባት ብርቱካናማ ወይም ቀይ የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ ይታያል።

ምክንያቱ ለወራት ያልተነካ ዕቃ ነው፦ የተከመረ የቡና ጆንያ፣ ማገዶ፣ የውሃ ቆጣሪ ሳጥን፣ ለእንግዳ ተብሎ ጥግ የተቀመጠ ባለ ሦስት እግር በርጩማ። ጠዋትና ማታ ለቡና የሚነሳውን በርጩማ እምብዛም አትደፍረውም።

ወፍራም ጓንት ያድርጉ። ድሩን ከነከረጢቱ በመጥረጊያ ጠቅልለው የሳሙና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይዝፈቁት። አንድ ከረጢት ከ100 በላይ እንቁላል ሊይዝ ስለሚችል እናቲቱን ገድሎ ከረጢቱን መተው ከንቱ ድካም ነው። ድሩን በክብሪት ማቃጠልም ይቅርብዎ፤ ሸረሪት ብሎ ጆንያውን የሚያጋይ አይጠፋም። ቡና ሽታ ስለሚስብ ጆንያ አጠገብ ፀረ ተባይም ሆነ ነጭ ጋዝ አይርጩ።

ችግር፦ ጠዋት ሲነሱ አንገት ላይ የሚያቃጥል፣ ውሃ የቋጠረ መስመር ይታያል።

«ሸረሪት ሸናብኝ» ይባላል፤ ሸረሪት ግን በሽንቱ ቆዳ አያቃጥልም። አንደኛው ተጠርጣሪ ጉንዳን የሚመስል፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ቀጭን ጥንዚዛ ነው፤ ማታ በመብራት ተስቦ ገብቶ ቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ፈሳሹ ያቃጥላል። ቶሎ በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ በእጅ አለማሸት ነው። ቁስሉ ከሰውነት አንድ ወገን ብቻ ከሆነና አስቀድሞ ውጋት ከነበረው አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። እርሱ የቫይረስ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱ በተሻለ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው።

ችግር፦ ቡናማዋ መበለት በእርግጥ ነክሳለች።

መጀመሪያ እንደ መርፌ ውጋት ነው። የቡናማዋ ንክሻ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ተወስኖ ይቀራል። ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርጉበት። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር ጉዳት ብቻ ነው። ሕመሙ ከተሰራጨ፣ ጡንቻ ከጨመደደ፣ ሆድ እንደ ጣውላ ከደረቀ ወይም ላብ ካጠመቀ ሳይዘገዩ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። የተነከሰው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ከሆነ ምልክቱን አይጠብቁ። ሸረሪቷን በስልክዎ ፎቶ ያንሷት፤ ከሞተች ደግሞ በተከደነ ጠርሙስ ይዘዋት ይሂዱ።