ዊንዶውስ አልነሳ ሲል፦ ከፎርማት በፊት የሚሞከሩ የማስነሻ ቁጥሮች

ኮምፒውተር አርማውን አሳይቶ መልሶ ሲጠፋ ወይም ነጥቦቹ እየዞሩ ሲቀር፣ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። ፎርማት ግን ፋይሉን ከማጥፋቱ ሌላ ምክንያቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ጥፋቱ የአንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ የኮምፒውተሩ ክፍል ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ከሆነ ያው ድራይቨር ነገ ተመልሶ ይጫናል። ዊንዶውስ 10 እና 11 «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» የሚባል ገጽ አላቸው፤ ከ1 እስከ 9 የተቆጠሩ አማራጮች ይዟል። በየትኛው ቁጥር ተነስቶ በየትኛው እንደቀረ ካዩ፣ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ያጠብቡታል።

አስቀድመው ፍላሹን፣ ፕሪንተሩንና የውጭ ዲስኩን ይንቀሉ። ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ያዘጋጁ፤ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ያለ እሱ መሀል መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ኤፍ 8ን መደጋገም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አያዋጣም፤ ማሽኑ ሲመጣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ፓስወርድ እስከሚጠይቅበት ገጽ ከደረሰ፣ ሺፍትን እንደተጫኑ ከታች በቀኝ ካለው የማጥፊያ ምልክት «ሪስታርት» ይበሉ። እዚያም ካልደረሰ ያብሩት፤ አርማው ሲታይ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ፣ 10 ሰከንድ ያህል፣ ተጭነው ይያዙ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት ዊንዶውስ ራሱ ወደ ጥገና ገጹ ይገባል። (አፕዴት እየጫነ ነው የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አይንኩት፤ ይጠብቁ።) ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ በመጨረሻም «ሪስታርት»። ማሽኑ ሲመለስ የቁጥሮቹ ዝርዝር ይመጣል።

ማሽኑ እየጠፋ እየበራ የሚያስቸግር ከሆነ መጀመሪያ 9ን ይጫኑ። ይህ ምንም አይጠግንም፤ ከብልሽት በኋላ በራሱ እንዳይነሳ ብቻ ይከለክለዋል። ስለዚህ የስህተቱ ገጽ ቆሞ ይነበባል። የስህተቱን ስምና፣ ካለ፣ ተጠያቂ የተደረገውን ፋይል በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ካለ ዊንዶውስ ዲስኩን መድረስ አቅቶታል ማለት ነው። ዴስክቶፕ ላይ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲደክም ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለስና ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ፣ ወይም ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ሊለወጥ ይችላል። ባዮሱ ውስጥ ገብተው ቀድሞ ወደነበረበት ይመልሱት።

ቀጥሎ 4፣ ማለትም ሴፍ ሞድ። ዊንዶውስ እጅግ አስፈላጊ በሆኑ ድራይቨሮች ብቻ ይነሳል። በዚህ ከተነሳ ዋናው ሲስተም በአብዛኛው ደህና ነው፤ ጥርጣሬው በኋላ በተጨመረ ድራይቨር ወይም አገልግሎት ላይ ያርፋል። በ4ም እምቢ ካለ ዲስኩን፣ ራሙን ወይም የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን ይጠርጥሩ፤ ችግሩ ከአፕዴት ማግስት የጀመረ ከሆነም በዚያው የጥገና ገጽ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» አለ። ሴፍ ሞድ ላይ ፒን ላይሠራ ስለሚችል ፓስወርዱን ይወቁ።

ድምፅ እያለ ስክሪኑ ብቻ ጥቁር ሲሆን 3ንና 4ን ማነጻጸር ይጠቅማል። 3 ያንኑ የግራፊክስ ድራይቨር በዝቅተኛ ጥራት ያስነሳል፤ 4 ግን ድራይቨሩን ራሱን ይተወዋል። በ3 ከታየ የተበላሸው የስክሪን ቅንብር ነው። በ3 ጠፍቶ በ4 ከታየ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ነው፦ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ገብተው «ሮል ባክ ድራይቨር» ያድርጉ፤ ቁልፉ ደብዝዞ ከሆነ ያራግፉት።

2 የተጫኑትንና ያልተጫኑትን ድራይቨሮች ይመዘግባል። መዝገቡ ሲ ዲስክ ላይ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ኤን-ቲ-ቢ-ቲ-ሎግ በሚል ስም ይቀመጣል። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ «አልተጫነም» የሚል መስመር በጤናማ ማሽንም ላይ በብዛት አለ። የሚፈለገው ልዩነቱ ነው፤ በ2 አስነስተው ሲከሽፍ፣ ቀጥሎ በ4 ይግቡና ሁለቱን ምዝገባዎች ያስተያዩ። አዲሱ ከአሮጌው ሥር ስለሚጨመር ሰዓቱን ይመልከቱ። ብልሽቱ ገና ከጅምሩ ከሆነ ግን ምንም ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 19 ቀን 2024) የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው የክራውድስትራይክ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲጥል፣ በእጅ ማስተካከያው ይኸው ነበር፦ ሴፍ ሞድ መግባት፣ ፋይሉን መሰረዝ፣ እንደገና ማስነሳት። ብዙ የአይቲ ሠራተኞችን ያዘገየውም የቢትሎከር ቁጥር ፍለጋ ነው።

የቀሩት አልፎ አልፎ ይጠቅማሉ። 5 ሴፍ ሞድን ከነኔትወርኩ፣ 6 ከነትእዛዝ መስኮቱ ይከፍታል። 7 ዲጂታል ፊርማ (የምንጩ ማረጋገጫ) የሌለውን ድራይቨር ያሳልፋል፤ የሚሠራው ለዚያች ማስነሳት ብቻ ስለሆነ፣ በ7 ብቻ የሚነሳ ማሽን የተፈረመበት ድራይቨር ያስፈልገዋል። 8 ቀድሞ የሚነሳውን የጸረ ቫይረስ ጥበቃ ያጠፋል፤ ለሙከራ እንጂ ለሥራ አይጠቀሙበት። 1 ሌላ ኮምፒውተር ላገናኘ ባለሙያ ነው፤ ይለፉት።

በሴፍ ሞድ ተነስቶ ጥፋተኛው ካልተለየ «ኤምኤስኮንፊግ» የተባለውን የዊንዶውስ የማስነሻ ማስተካከያ ይክፈቱ። አገልግሎቶች ላይ የማይክሮሶፍትን ይደብቁ፣ የቀሩትን ያጥፉ፣ ከዚያ ግማሹን እየመለሱ ያስነሱ። እዚያው ያለውን «ሴፍ ቡት» ምልክት ግን ባይነኩት ይሻላል፤ ምልክቱን እስኪያጠፉት ድረስ ማሽኑ ሁልጊዜ ሴፍ ሞድ ብቻ ይገባል፤ ፓስወርዱን የማያውቅ ሰው ደግሞ እዚያ ገብቶ ሊያጠፋው አይችልም።