ለአካባቢው ዓሣ አጥማጅ የሚቀርብ ትክክለኛ ጥያቄ
በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት በኩል ወደ ፖቶማክ ወንዝ በሚገባው ማታዎማን ክሪክ በተባለ ትንሽ ወንዝ፣ በካያክ (በጠባብ የቀዘፋ ጀልባ) ባስ የተባለውን አዳኝ ዓሣ ለማጥመድ የምትወጡ ወገኖች፣ ካያኩን ከመኪናው ጣሪያ እንዳወረዳችሁ ወደ ውሃው ከመቸኮል ይልቅ፣ ዳር ቆመው መንጠቆ የሚወረውሩትን የአካባቢው ሰዎች ሰላም ብላችሁ «ውሃው መጉደል የሚጀምረው በስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዓሣው የት አለ?» ማለት ግን አይገባም፤ ሰው ለዓመታት ደክሞ ያወቀውን ቦታ ለእንግዳ እንዲሰጥ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ወንዙ እዚህ ድረስ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ስለሚከተል፣ ውሃው 6 ሰዓት ያህል ሲሞላ ቆይቶ 6 ሰዓት ያህል ይጎድላል፤ በሚጎድልበት ጊዜ ትንንሾቹ ዓሦች በውሃው ውስጥ ከበቀለው ሣር ወደ ውጭ ስለሚገፉ፣ ባሱ የሣሩ ጠርዝ ላይ አድፍጦ ይጠብቃቸዋል። አንድ አዛውንት መንጠቆ ላይ የሚሰካውን የፕላስቲክ ትል ማጥመጃቸውን ከሣሩ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ከጣሉ በኋላ፣ ክሩ በዝግታ ወደ ጎን እስኪሳብ ድረስ ዘንጉን ሳያንቀሳቅሱ ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ስትመለሱ በጭቃ እንዳትያዙ፣ ውሃው ሲጎድል የትኛው ዳርቻ እንደሚደርቅ ጨምራችሁ ጠይቁ፤ በምትቀዝፉበት ጊዜም ከተወረወረው ክር ራቅ ብላችሁ እለፉ።