ፍሪጁ ጋዝ አልጨረሰም

ከአዲስ መጪዎች የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌ ያው ነው፦ «ፍሪጄ ማቀዝቀዝ ተወ፤ ጋዝ የሚሞላልኝ ሐበሻ ታውቃለህ?» አላውቅም። ባውቅም አልነግራችሁም። አገር ቤት የፍሪጅ ጠጋኙ ገና በር ላይ ሆኖ «ጋዝ ጨርሷል» ስለሚል ነው ነገሩ ከጭንቅላታችን ያልወጣው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ አያልቅም። ጋዙ የሚዞርበት ቧንቧ ዙሪያውን የታሸገ ነው፤ ጋዙ ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። እዚህ አሜሪካ ያንን ቧንቧ ለመክፈት በንጹሕ አየር ሕጉ አንቀጽ 608 የሚጠየቀው የብቃት ማረጋገጫ አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች የያዙት አር600ኤ የተባለ ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ጋዙን እርሱት።

ደግሞስ ፍሪጁ የማን ነው? ከተከራያችሁት አፓርታማ ጋር የመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሠራው አከራዩ ነው። ውላችሁን አንብቡ፤ ብልሽቱን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቢሮ ገብቶ በቃል መናገር ብቻ አይበቃም። ቢያመላልሷችሁም ካቻቢቴ አታንሡ።

የራሳችሁ ከሆነ እንቀጥል። ከሁሉ የሚበዛው ፍሪዘሩ እየቀዘቀዘ ሌላው ክፍል የሚሞቅበት ነው። መጀመሪያ እንጀራውን አውጡት። የምሬን ነው። በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቅዝቃዜው ከፍሪዘሩ ወደ ሌላው ክፍል የሚያልፈው በአየር ቀዳዳ ነው፤ የወር እንጀራ በፌስታል ታጭቆ ቀዳዳውን ሲደፍነው ወተቱ ይበላሻል። ካልተሻለው ከፍሪዘሩ የኋላ ሽፋን ጀርባ በረዶ ተጋግሮ ይሆናል። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ ፎጣ አንጥፋችሁ አሳድሩት። በረዶውን በቢላ የሚፈነቅል ሰው አለ! ከበረዶው ሥር ያለው ቀጭን የጋዝ ቧንቧ ከተበሳ ያኔ በእውነትም ጋዙ አለቀ። በረዶው በሳምንት ውስጥ ከተመለሰ የተበላሸው በረዶውን በየጊዜው የሚያቀልጠው የማቅለጫ ሂተር፣ ሲሞቅ የሚያጠፋው ቴርሞስታት ወይም ሰዓቱን የሚቆጥረው ታይመር ነው፤ በአዳዲሶቹ በታይመሩ ፈንታ የኤሌክትሮኒክ ቦርድ አለ። ሂተሩንና ቴርሞስታቱን በርካሽ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) መለየት ይቻላል። ቴርሞስታቱን ግን በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ አቆይታችሁ ሳይሞቅ ለኩት፤ ሲሞቅ ራሱ መስመሩን ስለሚያቋርጥ ጤነኛውም የተቃጠለ ይመስላል።

ሞተሩ በየጥቂት ደቂቃው ቀጭ እያለ የማይነሣ ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ ጎኑ ላይ የተሰካውን፣ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሪሌይ አውጡና ነቅንቁት። ከተንኮሻኮሸ ተሰብሯል።

አሁን ገንዘቤን ያስበላኝን ልንገራችሁ። የፍሪጄን ሞዴል አስገብቼ የማቅለጫ ሂተር አዘዝኩ፤ ሻጩ «ለዚህ ሞዴል ይሆናል» ብሎ ጽፏል። የመጣው ያጥራል፤ የሽቦው መሰኪያም አይገጥምም። ልመልስ ስል «የኤሌክትሪክ እቃ ማሸጊያው ከተከፈተ አይመለስም» አሉኝ። ሳይከፈት በምን ይታወቃል? ቅጽ ሙላ፣ ፎቶ ላክ፣ እንደገና ቅጽ ሙላ፤ ገንዘቡ በዚያው ቀረ። ስለዚህ በሩ ላይ ባለው ስም አትመሩ። ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሡ፤ ከመጨረሻዎቹ ፊደላትና አሃዞች አንዱም አይቅር፤ አምራቹ እቃ ሲቀይር ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው እዚያ ነው። ሳታዝዙ በፊት የተበላሸውን እቃ አውጡና በላዩ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። የድሮ ቁጥር በአዲስ ተተክቶ ሊሆን ይችላል፤ ዊርልፑል የተባለው አምራች በብዙ የእቃ ቁጥሮቹ ፊት «ደብሊው ፒ» (WP) ጨምሯል፤ ያ አያስደንግጣችሁ። ኬንሞር የሚባለው የፍሪጅ ስም የራሱ ፋብሪካ የለውም፦ የሞዴል ቁጥሩ በ106 ከጀመረ የሠራው ዊርልፑል፣ በ795 ከጀመረ ኤልጂ ነው። የመመለሻ ደንቡን ሳትከፍሉ አንብቡ። «ለሁሉም ፍሪጅ ይሆናል» የሚለውን እቃ እኔ በነፃም አልወስድም።

ሞተሩ (ኮምፕረሰሩ) ራሱ ከሞተና ፍሪጁ አሮጌ ከሆነ አትድከሙ፤ ጥገናው ብዙ ጊዜ ከፍሪጁ ዋጋ ይበልጣል።

የተረፋችሁን ሂተር ወይም ሪሌይ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ አትላኩ። እዚህ 120 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፤ እዚያ 220 በ50። የእዚህ ሂተር እዚያ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ እህታችሁም ፍሪጁ ለምን እንደተቃጠለ ደውላ የምትጠይቀው እናንተን ነው።