ባይኖኩላር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከጓሳ አፋፍ የተማርኳቸው

የመጀመሪያ ባይኖኩላሬን የገዛሁት ቁጥሩን አይቼ ነው። 20×50 ይላል። ሻጩም «ከዚህ በላይ የሚያቀርብ አታገኝም» አለኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ መሐል ሜዳ አድሬ፣ በማለዳ መንዝ ውስጥ ካለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ደረስኩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ አፋፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አብረውኝ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛ፣ ዝተታቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አዛውንት፣ በአገጫቸው ጠቆም አድርገው «ቀበሮ» አሉ።

«የት ጋ ነው ጋሼ?»

«እዚያ፣ ከጅብራዋ ግርጌ። ጭላዳዎቹ መሀል።»

ባይኖኩላሩን አነሣሁ። ሣር። ሌላ ሣር። የጭላዳ ጀርባ የሚመስል ነገር ብቅ አለና እጄ ሲንቀጠቀጥ ጠፋ። አንዲት ጅብራ አገኘሁ፤ እሳቸው ያሏት ትሁን ሌላ አላወቅሁም።

«እስኪ ወዲያ አርገውና በዓይንህ እይ» አሉኝ።

ሳወርደው፣ ጫፉ የጠቆረ ጭራ አስታው ውስጥ ሲገባ ብቻ ደረስኩ። ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ እንስሳ፣ ፊት ለፊቴ አልፎ፣ እኔ በገንዘቤ ሣር ስመለከት ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንግዶችን ይዤ ወደ ጓሳ፣ ወደ አንኮበርና ወደ ጀማ ሸለቆ ስመላለስ የብዙ ሰው ባይኖኩላር በእጄ አልፏል። የሚደጋገሙት ስህተቶች ከእኔው ብዙም አይርቁም።

ትልቁን ቁጥር መግዛት

በዕቃው ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ ይነግራል። በ8×42 ሲያዩ 400 ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ 50 ሜትር ላይ የቆመ ይመስላል። በ20×50 ደግሞ 20 ሜትር ላይ። ታዲያ ማን 8 ይመርጣል? እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ቀበሮውን 20 እጥፍ የሚያጎላ ዕቃ የእጅዎንም መንቀጥቀጥ 20 እጥፍ ያጎላል። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው የጓሳ ነፋስ ቆሞ፣ ዳገት ወጥቶ ልቡ እየደለቀ፣ ያለ ማቆሚያ 20 እጥፍ ረግቶ የሚይዝ ሰው እስካሁን አላየሁም። ለእጅ 10 የመጨረሻው ነው፤ ለብዙ ሰው 8 ይሻላል።

ከመንቀጥቀጡ የባሰው ጥበቱ ነው። ደኅና 8×42 በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ ከ120 እስከ 140 ሜትር ስፋት ያሳያል። 20×50 ግን ከ60 ሜትር ብዙም አያልፍም። ይህ በጓሳ ተራ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ እዚያው ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ። ስለዚህ ቀበሮን የሚፈልግ ሰው መንጋውን ነው የሚያየው። ያ መንጋ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል፤ ሣር እየነጨ ሙሉ ሜዳውን ይሸፍናል። በጠባብ ቀዳዳ አንድ አንድ ጭላዳ እየቆጠሩ ቀበሮው ጋ እስኪደርሱ እሱ ቁርሱን ጨርሶ ሄዷል።

ስለዚህ ለጓሳ 8×42 ይያዙ። ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ማዶ ያለውን ገደል፣ ጥንብ አንሳና ንስር ለማየት ከሆነ 10×42 አይከፋም። ቁጥሩን ከ10 እስከ 30 ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን ዙም ያላቸውን ደግሞ ይተዋቸው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ይጠብባል፣ ጥራቱም ይወርዳል። በመዳፍ የሚያዝ ዕቃ ላይ 100×180 የሚል ጽሑፍ ካዩማ ማስመሪያ ይጠይቁ፤ 180 ሚሊ ሜትር የሻይ ማቅረቢያ ሳሕን ያህል ነው።

የብርሃኑን ሒሳብ አለመሥራት

ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ያካፍሉ። ለ8×42 መልሱ 5.25 ነው፤ ከባይኖኩላሩ ወጥቶ ወደ ዓይንዎ የሚገባው የብርሃን ክብ በሚሊ ሜትር ያን ያህል ይሰፋል ማለት ነው። ዕቃውን ክንድዎን ዘርግተው ወደ ሰማይ ቢይዙት በኋለኛው መስታወት ላይ ክቡን በዓይንዎ ያዩታል። ለ10×42 4.2፣ ኪስ ውስጥ ለሚገባው 8×21 2.6፣ ለእኔው 20×50 ደግሞ 2.5።

በጠራራ ፀሐይ የዓይን ብሌን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚከፈት ትንሿም ትልቁም እኩል ያሳያሉ። ሱቅ ውስጥ ልዩነቱ የማይታወቀው ለዚህ ነው። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ግን ብሌኑ እስከ 5፣ ወጣት ከሆኑ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ያኔ 2.5 ሚሊ ሜትር ብርሃን የሚሰጥ ዕቃ ግራጫ ነገር ብቻ ያሳያል። ጭላዳ ከገደል የሚወጣው ደግሞ ማለዳ ነው። በሌላ በኩል 7×50 ወስዶ 7.1 ሚሊ ሜትር ማግኘት ለመርከበኛ እንጂ ዕድሜው ለገፋ ሰው ትርፉ ክብደት ነው፤ ዓይናችን ያን ያህል መከፈቱን ያቆማል።

እዚህ ላይ ስለ መብራት ልበል። «ደይ ኤንድ ናይት ቪዥን» የሚል የታተመባቸው ርካሽ ባይኖኩላሮች አሉ። በጨለማ አያሳዩም። ተራ መስታወት ናቸው፤ በእርግጥ በሌሊት የሚያሳይ መሣሪያ ባትሪና ስክሪን ወይም ሌላ ኤሌክትሮኒክስ ያስፈልገዋል። ውስጣቸው በባትሪ የሚበራ ኮምፓስና የርቀት መለኪያ መስመር ያላቸውም አሉ፤ እነሱ እውነተኛ ናቸው፣ ግን ለባሕር የተሠሩ ናቸው። ለወፍና ለቀበሮ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉባቸው፤ በርቶ የሚቀር ባትሪ አንድ ጭንቀት ይጨምራል፣ መስመሩም ዓይን ይይዛል።

በቀይ መስታወት መማረክ

የፊት ሌንሱ እንደ እሳት ቀይ የሚያብረቀርቅ ባይኖኩላር ሱቅ ውስጥ በጣም ያምራል። ያ ቀይ ግን ወደ ዓይንዎ መግባት ሲገባው ተመልሶ የወጣ ብርሃን ነው። የሚቀረው ምስል ቀዩ የጎደለው፣ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነው። በቀይ ቀበሮ አገር ቀዩን የሚጥል መስታወት! አንኮበር አካባቢ ያለችውን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተዋወቀችውንና በአገራችን ብቻ የምትገኘውን ቡናማ ትንሽ ወፍ ለመለየትማ የላባዋን ጭረትና ቀለም ማየት ግድ ነው።

ብርሃን እንዳይመለስ የሚደረግለት ስስ ሽፋን፣ ማለትም ቅብ፣ የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ባይኖኩላር ውስጥ እንዲህ ያሉ ገጾች 10 እና ከዚያ በላይ ስለሆኑ፣ ቅብ ባይኖር ከገባው ብርሃን ሲሶው መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ጥሩ ቅብ ሲያዘነብሉት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ያሳያል፤ የራስዎ ፊት በደንብ ካልታየበት ጥሩ ምልክት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሞክሮ መግዛት

ከባንኮኒው እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት ሁሉም ባይኖኩላር ግሩም ነው። ባለሱቁን ያስፈቅዱና በር ላይ ይውጡ። ደብረ ብርሃን ከሆኑ የሩቅ ቤት ቆርቆሮ ጠርዝ ወይም የመብራት ሽቦ ይፈልጉ። መጀመሪያ ሽቦውን ይመልከቱና ባይኖኩላሩን ቀስ እያሉ ከዓይንዎ አንድ መዳፍ ያህል ያርቁት። በግራና በቀኝ ያለው ሽቦ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ከታየ ሁለቱ ቱቦዎች አልተገጣጠሙም ማለት ነው። ዓይን ለጥቂት ደቂቃ ችሎ ያስተካክለዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ራስ ያማል። ሰዉ «ባይኖኩላር አይስማማኝም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው።

ቀጥሎ ቅድም ያልነውን የብርሃን ክብ ይዩ። ክቡ ሙሉ ከሆነ ደግ ነው፤ ጠርዞቹ ተቆርጠው አራት ማዕዘን የሚመስል ግራጫ ጥላ ካለው ውስጡ ያለው ፕሪዝም ርካሹ ነው። ፕሪዝም ምስሉን የሚያቀናው የመስታወት ጉማጅ ነው፤ ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ያስመዘገበው ዘዴ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ትከሻው ሰፋ ያለው ባይኖኩላር የእሱ ነው። ገንዘብ ካጠረዎት ከቀጭኑ ዓይነት ይልቅ ይህን ትከሻማ ይምረጡ፤ በተመሳሳይ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

ያገለገለ ከሆነ የስልክ መብራት ከፊት አብርተው ከኋላ ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነው። ይመልሱለት።

በሌላ ሰው ዓይን ማየት

ይህ የመግዛት ሳይሆን የመጠቀም ስህተት ነው፤ ግን ስንቱን ጥሩ ዕቃ ስም እንዳጠፋ። የሁለቱ ዓይኖቻችን አቅም እኩል ስላልሆነ በቀኙ ማያ ላይ የምትዞር ቀለበት አለች። አብዛኛው ሰው መኖሯንም አያውቅም። ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው በግራው ብቻ፣ በመሀሉ መዘውር ሩቅ ያለ ነገር ጥርት እስኪል ያስተካክሉ። ከዚያ ግራውን ጨፍነው መዘውሩን ሳይነኩ በቀኟ ቀለበት ብቻ ጥርት እስኪል ያስተካክሉ። ቁጥሯን ያስታውሱ። አንዱን ዕቃ ሦስት ሰው ሲቀባበል ያዛቧታልና በየተራው ይመልሱ።

መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች የዓይን ጎማውን ወደ ታች ካላጠፉት ምስሉን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ይሆንባቸዋል። ሲገዙም ዓይን ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉውን ክብ የሚያይበትን ይምረጡ። መነጽርዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሳያደርጉ ሞክረው አይግዙ።

አየሩን መናቅ

በአንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነሥቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በር ጉም ውስጥ የሚገባ ሰው ባይኖኩላሩን ምን እያሳለፈው እንደሆነ ያስብ። ውስጡ ተራ አየር ያለበት ዕቃ ሲቀዘቅዝ መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል፤ በጨርቅ አይደረስበት። አየሩ ወጥቶ ናይትሮጅን የተሞላና ውኃ የማያስገባ ይግዙ። ለመንዝ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ከውጭ የሚያልበውን ግን እሱም አይከላከልም። ውርጭ ላይ ያደረን ባይኖኩላር ሙቅ ቤት ይዘው ሲገቡ ከቦርሳው ቶሎ አያውጡት፤ እዚያው ተዘግቶ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

በጋቢ ጫፍ መጥረግ

ሁላችንም አድርገነዋል። አቧራው ድንጋይ ነው፤ በጨርቅ ሲፈተግ ያን ሁሉ ቅብ ይጭራል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በእፍታ ያርግፉት፣ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ ያብሱ። እፍ ሲሉ ምራቅ እንዳይሄድ።

በባይኖኩላር ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ለአፍታም ቢሆን፣ በተለይ ልጆች። ይህን ሁለቴ አልናገርም።

ኬላ ላይ ስላለው ጣጣም አንድ ነገር፦ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የታየ ባይኖኩላር ጥያቄ ያስነሣል። እኔ ከመኪና ወርጄ ለምን እንደያዝኩት ያስረዳሁበት ቀን አለ። አሁን ቦርሳ ውስጥ አስገብቼ፣ መታወቂያዬን ይዤ፣ የምሄድበትን ቦታ ጥበቃዎች ቀድሜ ደውዬ ነው የምነሣው። ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነም ዕቃው ከመድረሱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ።

ያ 20×50 አሁንም ቤቴ አለ። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ገዝቼለት ከበረንዳው ላይ ቆሟል። የጥር ሰማይ ሲጠራ የጎረቤት ልጆች ተሰልፈው የጨረቃን ጉድጓዶችና ከጁፒተር ጎን የተደረደሩትን አራት ነጥቦች ያዩበታል፤ ለዚያ ሥራ ከ8×42ቱ ይበልጣል። ቀን ቀን ሽፋኑ ታስሮ ነው የሚውለው።