ሊቲየምን ከቀለጠ ጨው በቀጥታ ወደ አሉሚኒየም እንዴት ማስገባት ይቻላል

አሉሚኒየም ላይ በክብደት 1 በመቶ ሊቲየም ሲገባ ቅይጡ 3 በመቶ ገደማ ይቀልላል፤ ግትርነቱ ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አውሮፕላን ሠሪዎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ችግሩ ንጹሕ ሊቲየም ለአያያዝ ያስቸግራል። አየርና እርጥበት አይችልም። በውሃ ውስጥ ኤሌክትሮሊሲስ (ውህድን በኤሌክትሪክ መለያየት) ብንሞክርም ከሊቲየሙ ቀድሞ ሃይድሮጂን ይወጣል። ስለዚህ ውሃውን በቀለጠ ጨው እንተካለን።

ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። በደንብ የሚስብ የጋዝ መውጫ፣ ክሎሪኑን የሚውጥ በውሃ የተሟሟ ኮስቲክ ሶዳና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሌሉ አትጀምሩ።

ጨዉ በክብደት 45 በመቶ ሊቲየም ክሎራይድ፣ 55 በመቶ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። የመጀመሪያው ብቻውን በ605፣ ሁለተኛው በ770 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣሉ። ሲቀላቀሉ ግን በ355 ዲግሪ ገደማ ይፈሳሉ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ማድረቅ። ሊቲየም ክሎራይድ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ሆኖ በኃይል ከጋለ ውሃው ከጨዉ ጋር ይዋሃድና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ያወጣል፤ የቀረው ሊቲየም ሃይድሮክሳይድና ኦክሳይድ ይሆናል። ያንን በኋላ ማጽዳት መከራ ነው። አየሩን በቫኪዩም እየሳባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ አሙቁት፣ ለሰዓታትም አቆዩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

ከዚያ 99 ግራም አሉሚኒየም በአሉሚና ጽዋ ውስጥ አድርጉ፤ 200 ግራም ያህል የደረቀ ጨው ከላይ ጨምሩ። ከምንም ጋር በማይዋሃደው በአርገን ጋዝ ሥር እስከ 720 ዲግሪ አሙቁ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ ከጨዉም ስለሚከብድ፣ ከታች ይተኛል። እሱ ካቶዳችን (ሊቲየሙ የሚወጣበት አሉታዊ ዋልታ) ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያደርስለትን የተንግስተን ዘንግ በአሉሚና ቱቦ ሸፍናችሁ ጫፉን ብቻ አሉሚኒየሙ ውስጥ ንከሩ። ዘንጉ ለጨዉ ከተጋለጠ ሊቲየሙ እሱ ላይ ይወጣና ይንሳፈፋል። አኖዱ (ክሎሪኑ የሚወጣበት አዎንታዊ ዋልታ) ከላይ የሚገባ የግራፋይት ዘንግ ነው፤ አሉሚኒየሙን እንዳይነካ።

ስንት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል? አንድ ሞል (የኬሚስቶች የመጠን መለኪያ) ሊቲየም፣ ማለትም 6.94 ግራም፣ 96,485 ኩሎምብ (የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ) ይፈልጋል። ከ99 ግራሙ አሉሚኒየም ጋር 1 በመቶ ለሚሆነው 1 ግራም 3.86 አምፔር ሰዓት ይሆናል። በ2 አምፔር ሁለት ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል። ጥቂቱ ስለሚባክን ትንሽ ጨምሩበት። አምፔሩን ከፍ አድርጋችሁ ጊዜ ለመቆጠብ ግን አትሞክሩ። አሉሚኒየሙ ሊቀበል ከሚችለው በላይ ሊቲየም ሲመጣ ትርፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከክሎሪኑ ጋር ተገናኝቶ ተመልሶ ጨው ይሆናል። ደስ የሚለው ነገር፣ ሊቲየም በአሉሚኒየም ውስጥ ሲሟሟ ብቻውን ከሚወጣበት ባነሰ ቮልት ይወጣል። ፖታሲየሙ ይህ ዕድል የለውም፤ አሉሚኒየም ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል።

ሲጨርስ ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ ዘንጎቹን አውጡ፣ በአርገን ሥር አቀዝቅዙ። የጋለ ጨው ላይ ውሃ ጠብ እንዳይል፤ ይፈነዳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ጨዉን አራግፋችሁ ቅይጡን በውሃ አጥቡና ወዲያው አድርቁ። ሊቲየሙ መግባቱን በሚዛን ብቻ አትፍረዱ፤ ውስጡ የተያዘ ጨውም ክብደት አለው። ከተለያየ ቦታ ቁራጭ ወስዳችሁ በአሲድ አሟሙና በኬሚካል ምርመራ ለኩት።